ቆቋን ፎቶ ያነሳን ሰሞን

በሃምሳዎቹ መግቢያ አሰላ ከተማ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሥራዬ ፊልም ማጠብና ማተም ነው። ጣቶቼ በማጠቢያው መድኃኒት ብዛት ቢጫ ሆነው ነበር፤ ምግብ ስበላ እንኳ ሽታው አይለቀኝም። ግን ያ ሽታ አስጠልቶኝ አያውቅም። ያስጠላኝ ሌላ ነው።

የአንድ መሥሪያ ቤት ሹም የነበሩ ሰው ረጅም ሌንስ ያለው ካሜራ ከውጭ አስመጥተው ነበር። አዲስ አበባ የፎቶግራፍ ትርኢት ይከፈታል ሲባል፣ የዱር ወፍ ከነጎጆዋ አንስተው ለማቅረብ አሰቡ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጂፓቸው ይዘውኝ ወደ ጭላሎ ተራራ ግርጌ ይወጡ ጀመር። የፈለጉኝ ለፊልሙ ብቻ አልነበረም። እዚያው ተወልጄ ስላደግኩ ኦሮምኛ እናገራለሁ።

ወፏን ያሳዩን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ከገብስ ማሳቸው ራስጌ፣ ቁጥቋጦው ከሚጀምርበት፣ አንዲት ቆቅ እንቁላል ታቅፋ እንደተቀመጠች ነገሩኝ። ስንደርስ ቆም ብለው በከዘራቸው አመለከቱ። እኔ ምንም አላየሁም፤ ሹሙም አላዩም። ሣር፣ የደረቀ ቅጠል፣ ድንጋይ፣ ደግሞ ሣር።

"ዓይኗን ፈልግ" አሉኝ ሽማግሌው በኦሮምኛ። "ሌላው ሁሉ ሣር ነው።"

ብዙ ቆይቼ አንዲት እርጥብ ጥቁር ነጥብ አየሁ። ከዚያ ወፏ በሙሉ ከሣሩ ውስጥ ወጣችልኝ፤ ከእግሬ ሁለት እርምጃ አትርቅም ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ጥቂት ጊዜ ነው።

ሹሙ አንድ ሙሉ ፊልም አነሱባት። ሰኞ አትሜ ስወስድላቸው ወረቀቱን ወደ መስኮት አዙረው ቢያዩ ቢያዩ ቆቅ የለችም። ዓይኗን በጣቴ ባሳያቸውም አልተደሰቱም። ይህን ሁሉ መንገድ የለፋሁት ሣር ላሳይ ነው ወይ ብለው ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽማግሌው ገበያ ወርደው ስለነበር ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሹሙ ካሜራውን ካቆሙ በኋላ ከጂፑ ውስጥ ማጭድ አወጡ። ከቤታቸው አስበውበት ነው ይዘው የመጡት።

"ዙሪያዋን አጽዳልኝ" አሉ።

"ጌታዬ፣ የሚደብቃት እኮ ሣሩ ነው" አልኳቸው።

"ታዲያ ለዚሁ አይደል የምታጭደው?"

አጨድኩ። ይህን የምሸፋፍንበት መንገድ የለኝም፤ የመታኝም ያስፈራራኝም ሰው አልነበረም። ተንበርክኬ እፍኝ እፍኝ እየያዝኩ ቆረጥኩት። ቆቋ አልተነሳችም። ማጭዱ በክንፏ አጠገብ ሲያልፍ እንኳ አሁንም የተደበቀች መስሏት ድርቅ ብላ ተቀመጠች። ጉሮሮዋ ብቻ ቶሎ ቶሎ ይመታ ነበር። ዙሪያዋን መላጣ አድርጌ ስነሳ ከሩቅ ትታይ ነበር። ሹሙ የሚበቃቸውን ያህል አነሱ። ከዚያ ጂፑ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያመጡትን የበግ ጎድን እየጋጡ፣ በዚያው ቅባት በነካው እጃቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው አመሰገኑኝ። ቤቴ ገብቼ ኮቴን ሁለት ጊዜ አጠብኩት።

እሑድን እንደምንም አሳለፍኩ። ሰኞ ከሥራ ቀርቼ በእግሬ ወጣሁ። ሽማግሌው እዚያው ቦታ ቆመው አገኘኋቸው። ቆቋ የለችም፤ ጎጆው ውስጥ የተሰባበረ ቅርፊት፣ በእሱም ላይ ገና ሳትፈለፈል የቀረች፣ ላባ ያላበቀለች፣ ቆዳዋ ውስጧን የሚያሳይ ጫጩት ነበረች። ጉንዳን ዓይኗን ወርሮታል። ሽታው አፌ ውስጥ ገባ፤ ምራቄን ብተፋ ብተፋ አልወጣም።

"ቁራ ነው" አሉ ሽማግሌው። ቀጥለውም፣ "ሣሩን ያጨደው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ፎቶው ላይ እንድትታይ ብዬ ነው።"

ይህን ስናገር የገዛ ድምፄ ቀፈፈኝ። ሽማግሌው አልተቆጡም። ከብት እንዳይረግጣት ብለው ያን ቦታ ሳያሰማሩበት መክረማቸውን ነግረውኝ ወደ ማሳቸው ወረዱ።

ፎቶው አዲስ አበባ ሄዶ ተመሰገነ። እሱን በትልቁ ያተምኩት እኔው ነኝ። ሹሙ ሳሎናቸው ውስጥ ሊሰቅሉት እንግዶች ጠርተው ነበርና መስታወት የገባለትን ፎቶ ይዤ ሄድኩ። ወፏን ሳይረብሹ ለሦስት ሳምንት አድፍጠው እንዳነሷት ለእንግዶቹ አወሩ፤ የዱር ወፍ ማንሳት ትዕግሥት ይፈልጋል አሉ። አንዱ እንግዳ ፎቶውን ጠጋ ብሎ አይቶ፣ የቆቅ ወጥ ከዶሮ ወጥ ይጣፍጣል ወይ ሲል ጠየቀ። ሁሉም ሳቁ። ፎቶውን የያዝኩት እኔ ነበርኩና እስኪሰቀል ድረስ ቆሜ መስማት ነበረብኝ። ጠጣ ተብዬ የተሰጠኝን ብርጭቆ መስኮቱ ላይ ትቼ ወጣሁ።

ከወር በኋላ ሹሙ ወደ በቆጂ መንገድ ሌላ ወፍ አለች ብለው ሲልኩብኝ አሞኛል አልኩ። መዋሸቴን ሳያውቁ አልቀሩም፤ ሌላ ሰው ይዘው ሄዱ። ፊልሙ ግን እኛ ፎቶ ቤት መጣ፤ እንጀራዬ ነውና አጠብኩት።

ሽማግሌውን ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን አገኛቸው ነበር። ሰላም ስላቸው ይመልሱልኛል፤ የቤተሰቤን ደኅንነት ግን ጠይቀውኝ አያውቁም።