ከወንበሩ ኋላ የነበረችው

ዕድሜዋን የጨረሰችው በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ልብስ ተኳሽ ሆና ካውያ ስትገፋ ነው። ሸሚዝ ሲመጣላት አስቀድማ የምታየው ጀርባውን ነበር። «ፊቱንማ ማንም ያሳምራል፤ ሰው ሲቸኩል የሚረሳው ኋላውን ነው» ስትል ባልደረቦቿ «ጀርባ መርማሪዋ» ይሏት ነበር።

ጡረታ ከወጣች ወዲህ እሁድ እሁድ ታላቅ ወንድሟ ቤት ትውላለች። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የቤተሰቡ ፎቶ ተሰቅሏል፦ እናታቸው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ሰፊው ሻሏ ከትከሻዋ አልፎ ወንበሩን አልብሶታል፤ ሦስቱ ወንዶች ልጆቿ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ሴቷ ልጅ የለችም። እንግዳ «ሴቷስ?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ ወንድሟ «አርፍዳ» ይላል። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ታልፈዋለች።

አላረፈደችም። እናታቸው ከፎቶው በፊት ከያዛት ከባድ ሕመም ብትተርፍም ወገቧ አልተረፈላትም፤ ሰው ካልደገፋት ወደ ጎን ትዘም ነበር። ፎቶውን በተነሱበት ቀን እሷ ከወንበሩ ኋላ ተንበርክካ፣ እጆቿን በመደገፊያው ርብራብ አሾልካ፣ ከሻሉ ስር የእናቷን ጀርባ ይዛ ነበር። እናትየው ግን «ደግፈው አስቀመጧት እንዳታሰኙኝ» ብላ ሁሉንም አስማለቻቸው። እንዲህ ነው ነገሩ፤ ቤት ሲያምር የሚመሰገነው ግድግዳው ነው፣ ውስጡ የተቀበረውን ምሰሶ ማን ያነሳዋል?

አንድ እሁድ የወንድሟ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ የቤት ሥራ ይዛ መጣች።

«ከቤታችሁ አንድ ፎቶ ምረጡና በሌላ ሰው ዓይን ጻፉት ተብለናል። ይሄን ፎቶ በማን ልጻፈው?»

«በእኔ ነዋ!» አለ አባትየው። «ፀጉር እንደነበረኝ ሌላ ምስክር የለኝም።»

«ያንተንማ ከሕፃንነቴ ጀምሮ በቃሌ ይዤዋለሁ፣ አባዬ።»

«በእኔ ጻፊው» አለች ተኳሿ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

«አክስቴ ደግሞ! አንቺ አርፍደሽ የለም እንዴ?»

«አርፍዳለች አልኩሽ!» አለ ወንድሟ ፈጠን ብሎ።

ተኳሿ ፎቶውን አየችው። ዝም ብትል ያን ቀን ከእናቷ ጎን ያልነበረች ሆና በጽሑፍ ልትቀር ነው። ብትናገር ደግሞ ይሄን ሁሉ ዘመን ቀጥ ብላ የተቀመጠችው እናቷ በልጅ ልጇ ፊት ልትዘም ነው። ሰው ከሁለት ታማኝነት አንዱን ሲመርጥ ሌላውን እንደከዳ ይቆጥረዋል፤ ምናልባት ሁለቱ አንድ ይሆኑ እንደሆነ የሚያውቀው ከተናገረ በኋላ ነው።

«ከወንበሩ ኋላ ነበርኩ» አለች። «የአባትሽን ጃኬት ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ አስይዘነዋል፤ ያዋሰው ሰውዬ ወፍራም ነበር። የመካከለኛው ወንድማችን ሱሪ መቀመጫው ላይ ተጥፏል፣ ያውም በሌላ ቀለም። እኔ ያየሁት ይሄን ነው። የማንንም ፊት አላየሁም።»

«መቆንጠጫ! አባዬ!» ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች።

አባትየው አልሳቀም። «እህቴ፣ እማዬን ከወንበሯ አታውርጂያት። ቃል አለብን።»

«እኔ ላወርዳት ጋሼ? ያስቀመጥኳት እኔ አይደለሁ?»

የልጅቷ ሳቅ ቆመ። ፎቶውን፣ ከዚያም የአክስቷን እጆች አየች። «አያቴ መቀመጥ አትችልም ነበር?»

«ትችል ነበር» አለች ተኳሿ። «እኔ ካለሁ።»

ወንድሟ ተነስቶ ፎቶው ፊት ቆመ። ሻሉ ወንበሩ ላይ የወደቀበትን ቦታ ዛሬ ገና እንዳየው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ቆየ።

«ከብዳሽ ነበር?» አለ ሳይዞር።

«ኧረ! ምን ሥጋ ነበራትና። አንዴ ብቻ ልትወድቅብኝ ነበር። ፎቶ አንሺው ‹እንዳትነቃነቁ!› ሲል እናንተ እንደ ወታደር ስትደርቁ እሷ ሳቋ መጣ። ታፍነዋለች፣ ጀርባዋ ግን እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል።»

«እኛ ምንም አልሰማንም።»

«ከፊት ምን ይሰማል?»

ወንድሟ ወደ ወንበሩ ተመልሶ ተቀመጠ። ቀና ብሎ ሊቀመጥ ሞከረና ተወው።

«ጻፊው» አላት ልጁን። «አክስትሽ እንደነገረችሽ ጻፊው።»