ጋሽ ደምሴ ዘጠነኛ ክፍል የገቡ ዕለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በገብስ አጨዳ ሰሞን ነው። የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከዚያ ወዲህ ክፍል ገብቼ የተማሪ ስም በጠራሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣል፤ ሳቄን ተከትሎ ደግሞ ንዴቴ። የትኛው ሊበልጥ እንደሚገባ እናንተው ፍረዱ።

አስቀድሜ ያለሁበትን ሁኔታ ልንገራችሁ። ባለቤቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ሥራዋም እዚያው ነው። የመጀመሪያ ልጃችንን ከወለደች ገና ጥቂት ወራት ነበር። እኔ አርብ አርብ በሚኒባስ እሄዳለሁ፤ እሁድ ከሰዓት እመለሳለሁ። ልጄን ባቀፍኳት ቁጥር እንደ ባዕድ ታፈጥብኝና ለቅሶዋን ትለቀዋለች። ስለዚህ ወደ ደብረ ብርሃን ዝውውር ጠየቅሁ። ርዕሰ መምህራችንም፣ "ሱፐርቫይዘሩ ስታስተምር አይቶህ ጥሩ አስተያየት ከሰጠህ ነገሩ ያለቀ ነው" አለኝ። እኔም አመንኩት።

ያን ሰሞን የማስተምረው ስዕላዊ ድርሰት ነበር። አንድን ነገር ላላየው ሰው እንዲታየው አድርጎ መጻፍ ማለት ነው። ለብቻቸው ጻፉ ስላቸው ሁሉም "መልኩ በጣም ያምራል" ብለው ያቆማሉ። ስለዚህ በትብብር እንዲማሩ አምስት አምስት አድርጌ በቡድን ከፈልኳቸው። አንዱ የነገሩን መልክ፣ አንዱ ድምፁን፣ ሌላው ሽታውን ይይዛል፤ ከዚያ ያገኙትን አንድ ላይ ያዋህዱታል። ለእያንዳንዱ አባል ቁጥርም ሰጠሁ። ቁጥሩ የተጠራ ልጅ ተነሥቶ የቡድኑን ሥራ ያቀርባል። ማን እንደሚጠራ ስለማይታወቅ ሰነፉም ጎበዙም እኩል ይዘጋጃል። ማርኩ የጋራ ነው። ከቡድኑ አንድ ሰው ከቀረ ግን የሁሉም ማርክ ይቀነሳል።

ይህን ሁሉ አስረድቼ ጨረስኩ። ምንም እንዳልገባቸው ፊታቸው ይናገራል። "አይዟችሁ፣ አዲስ ነገር አይደለም፤ ወንፈል ማለት ነው!" አልኳቸው። ወዲያው ፊታቸው በራ። እኔም በራሴ ኮራሁ። ምን እንደተናገርኩ የገባኝ በኋላ ነው።

ዛሬ እናንተ የእኔን ማሳ ብታጭዱልኝ ነገ እኔ የእናንተን አጭዳለሁ፤ ወንፈል ይኼ ነው። እኔ የከተማ ልጅ ብሆንም እዚህ ድረስ አውቃለሁ። የማላውቀው ሌላውን ሕጉን ነው። ወንፈል ላይ መቅረት የለም። የታመመ፣ ለቅሶ የደረሰበት ወይም ሌላ ጉዳይ የያዘው በምትኩ ሰው ይልካል። የተላከው ሰው ብርቱ ይሁን ደካማ ብዙም አይጠየቅም፤ ዋናው ነገር ቦታው ባዶ አለመሆኑ ነው።

ሱፐርቫይዘሩ ይመጣል የተባለበት ቀን ደረሰ። ኮቴን አስተኩሼ፣ ጠመኔዬን ይዤ ክፍል ገባሁ። መስኮቱ ሥር ካለው ቡድን መካከል ጋሽ ደምሴ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ፊት ለፊታቸው ደብተር ዘርግተዋል።

ጋሽ ደምሴ የተማሪዬ የብዙአየሁ አያት ናቸው። በአካባቢው የእሳቸውን ያህል የሚያወራ ሰው የለም። ሐዘንተኛ ያስቃሉ ተብለው ለቅሶ ቤት እንኳ ከበሩ አጠገብ ነው የሚቀመጡት።

"ጋሽ ደምሴ፣ በደህና ነው?" አልኳቸው።

"በደህና ነው መምህር። ብዙአየሁን ተክቼ ነው የመጣሁት።"

"እንዴት ተክተው?"

"ዛሬ የእኛ ገብስ ይታጨዳል። እናቷን አሟታል፤ ለአጫጁ እህል ውኃ የሚያቀርብ ሰው የለም። ስለዚህ እሷ ቤት ቀረች፣ እኔ መጣሁ። ለማጨድ ጉልበት የለኝም፤ ለመቀመጥ ግን ማን ብሎኝ!"

ወደ ቡድኑ ልጆች ዞርኩ። ከመካከላቸው አለማየሁ የሚባለው፣ ምንም ጥፋት እንደሌለበት ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ፣ "ቲቸር፣ ወንፈል ነው ብለውን የለ? ማርካችን እንዳይቀነስ ብለን ነው" አለኝ።

ምን ልበል? እንዴትስ ብዬ ሽማግሌ ላስወጣ? ቢያንስ ሱፐርቫይዘሩ እስኪሄድ ውጭ ፀሐይ ላይ እንዲቀመጡልኝ ልለምናቸው አፌን ስከፍት በሩ ተንኳኳ። ርዕሰ መምህሩ ሱፐርቫይዘሩን ይዞ ገባ፤ ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ "በርታ" የሚል ምልክት ሰጥቶኝ ወጣ።

ክፉ ልማድ ሆኖብኝ ስም መጥራት ጀመርኩ። "ብዙአየሁ" የሚለው ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳደረግሁ ያወቅሁት።

"አቤት!" አሉ ጋሽ ደምሴ።

ድምፃቸው ደግሞ ገደል ማዶ ያለ ሰው የሚጠሩበት ድምፅ ነው። ተማሪው ሁሉ ሳቁን ለማፈን ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ሱፐርቫይዘሩ ቀና ብሎ ጋሽ ደምሴን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ አንድ ነገር ጻፈ።

ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ ትምህርቱን ቀጠልኩ። "በዚህ ክፍል ውስጥ ካለው ሁሉ አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር ምረጡ። ስሙን ሳትጠሩ ግለጹት። ሌሎቹ ቡድኖች ምን እንደሆነ ይወቁ" አልኳቸው።

እውነት ለመናገር ሥራው ደራ። ልጆቹ ግንባር ለግንባር ገጥመው ይከራከራሉ። ጋሽ ደምሴም ከጋቢያቸው ሥር ቋጠሮ አወጡ። "ወንፈል ያለ ቁርስ ይሆናል እንዴ?" ብለው ለቡድናቸው ቆሎ አፈሰሱ። ጎረቤቱም ቡድን እጁን ዘረጋ። ይኼ አልበቃ ብሏቸው ተነሡና ለሱፐርቫይዘሩ አንድ እፍኝ ወሰዱለት። እሱም ግራ እየገባው ተቀበለ።

እኔ በየቡድኑ እየዞርኩ የሚጽፉትን አየሁ። እነ አለማየሁ የመረጡት እኔን ነው። "ቀጭን ነው። አርብ አርብ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ ያያል" ይላል ወረቀታቸው። ደስ አለኝ፤ ይኼ ለሱፐርቫይዘር ቢነበብ ምንም አይደለም ብዬ ተጽናናሁ።

የማቅረቢያው ሰዓት ደረሰ። የመጀመሪያው ቡድን አንዱን መስኮት ገለጸ። መስተዋቱ ተሰብሮ በማዳበሪያ ከረጢት የተደፈነ ነው። "ነፋስ ሲመጣ ሆዱን ይነፋል፣ ነፋስ ሲሄድ ይተነፍሳል" አሉት። ክፍሉ በአንድ ድምፅ መልሱን ጮኸ። ሱፐርቫይዘሩ ፈገግ አለ። እኔም ነፍሴ መለስ አለች። ዝውውሬን በእጄ የያዝኩ መሰለኝ።

"ቀጣዩን እኔ ልጥራ?" አለኝ ሱፐርቫይዘሩ።

"ይቻላል" አልኩት። አይቻልም አይባል!

"መስኮቱ ሥር ያለው ቡድን፣ ቁጥር አራት።"

ቁጥር አራት ብዙአየሁ ናት። ጋሽ ደምሴ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። አለማየሁ ወረቀቱን ሰጣቸው። አራቁት፣ አቀረቡት፣ መልሰው ሰጡት። "መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ። ደግሞስ የምናየውን አይደል የምንናገረው?" አሉና ፊታቸውን ወደ ክፍሉ ኋላ አዞሩ።

"እንግዲህ ይኼ ሰው" አሉ፣ "ከሩቅ የመጣ ነው። ጫማው ከቤቱ ሲነሣ ያበራ ነበር። አሁን ግን አንዱ እግሩ የሹም ነው፣ አንዱ እግሩ የገበሬ፤ ከቦኖ ውኃው ሥር ያለችው ጭቃ አግኝታዋለች። ካፖርቱ ወፍራም ነው፤ የእኛ ብርድ ግን ካፖርት አያውቅም፤ እጁን አንዴ ብብቱ፣ አንዴ ኪሱ ይከተዋል። ፊቱ የደግ ሰው ፊት ነው። ሲጽፍ ግን ሰው እንዲፈራው ይኮሳተራል። ቅድም ልጆቹ ሲንጫጩ ዓይኑን ከደን አደረገው። አገጩ ደረቱ ላይ ሊያርፍ ሲል ብንን ይልና፣ ያልተኛ ለመምሰል 'ልክ ነው፣ ልክ ነው' እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ቆሎ የሚበላው በግራ ጥርሱ ብቻ ነው፤ ቀኙን ሳያመው አይቀርም፣ እግዜር ይማረው። ማነው?"

ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። እኔ ጠመኔዬን ጨብጬ መሬቱ እንዲከፈትልኝ እለምናለሁ። በመጨረሻ ከፊተኛው ቡድን አንዲት ትንሽ ልጅ፣ የጠየቋትን ሁሉ ሳትመልስ የማታድር፣ እጇን አወጣችና፣ "ሱፐርቫይዘሩ!" አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን የታየኝ የልጄ የለቅሶ ፊት ነው። በቃ፣ ልጄ አባቷን ሳታውቅ ልታድግ ነው አልኩ በሆዴ።

ሱፐርቫይዘሩ ቀስ ብሎ ተነሣ። መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ። ቀጥሎ ቀኝ ጉንጩን ዳሰሰ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ ቆሎ እስኪያንቀው፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

"አባቴ፣ ለመሆኑ እርስዎ ማን ነዎት?" አላቸው ሲረጋጋ።

"ለዛሬ ብዙአየሁ ነኝ" አሉት።

ከክፍል ስንወጣ እጄን ጨብጦ አልለቅ አለኝ። "የማኅበረሰብ ተሳትፎ፣ የማኅበረሰብ ተሳትፎ እያልን በየስብሰባው እንጮሃለን። አያት ከልጆች ጋር ቡድን ውስጥ አስገብቶ ያስተማረ ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ። ይኼን እንዴት አሰብከው?"

ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ "ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል" አልኩት።

አርብ ደብረ ብርሃን ስደርስ ባለቤቴን አቅፌ አሽከረከርኳት። ልጄንም፣ "እንግዲህ ተላመጂኝ፣ መምጣቴ ነው" አልኳት። እሷ እንደ ልማዷ አለቀሰች። እኔ ሳቅሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠራኝ። "እንኳን ደስ ያለህ!" አለኝ። የሱፐርቫይዘሩ አስተያየት እጅግ ጥሩ ነበር። ከመጠን በላይ ጥሩ ነበር። እንዲህ ያለ መምህር ለሌሎች አርአያ ስለሚሆን እዚያው እንዲቆይ ተወስኗል፤ ዝውውሩም ለጊዜው አልተፈቀደም። ከእኔ ጋር የጠየቀ አንድ ባልደረባዬ ግን፣ ክፍል ዘግይቶ ሲገባ የተያዘው፣ ያለ ምንም ጭቅጭቅ ተለቀቀ። በደስታ ነው የሸኙት።

ለባለቤቴ ስልክ ደውዬ ነገርኳት። "ትንሽ ሰነፍ መሆን አቃተህ?" አለችኝ።

ጋሽ ደምሴን አኮረፍኳቸው። መንገድ ላይ ሳገኛቸው ራሴን ነቅንቄ ብቻ አልፋለሁ። እሳቸው ደግሞ ሰላምታ እንኳ ተረት ካልተጨመረበት የማይበቃቸው ሰው ናቸው። አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ።

"ምን በደልኩህ? ማርኩ አነሰ እንዴ?" አሉኝ።

ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሚስቴን፣ ልጄን፣ ዝውውሩን፣ አርብና እሁዱን። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። እሳቸው ዝም ሲሉ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ስጨርስ በዱላቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

"ምነው መምህር! ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? አበላሽቼልህ እወጣ ነበር እኮ! ለማበላሸት እኔን የሚያህል የት ይገኛል?"

ኩርፊያዬ እዚያው በሩ ላይ ቀረ። ሁለታችንም ተደጋግፈን ሳቅን።

ዘንድሮ ዝውውሩን እንደገና ጠይቄያለሁ። ሱፐርቫይዘሩም በቅርቡ ይመጣል ተብሏል። ሰሞኑን ጋሽ ደምሴ በብዙአየሁ በኩል፣ "ላሳምረው ወይስ ላበላሸው? ቁርጡን ንገረኝ" ብለው ላኩብኝ።

አንዳንዴ ያን ቀን ሳስበው ደስ ይለኛል። ስዕላዊ ድርሰት እንደዚያ ቀን የገባቸው ተማሪዎች ኖረውኝ አያውቁም። ዛሬም ልጆቹ "በጣም ያምራል" ብለው አያቆሙም፤ የምትረግጠውን ጭቃም፣ የምታኝክበትንም ጥርስ ያያሉ። ይህን ጥዬ ስሄድ ቅር እንደሚለኝ አውቃለሁ። ግን ልጄ አሁን አባቷን አውቃለች። አርብ ማታ እየተንገዳገደች በር ድረስ ትመጣለች። እሁድ ከሰዓት ደግሞ ጫማዬን አልጋ ሥር ትከትብኛለች፤ ጫማው ከጠፋ አባቷ የማይሄድ ይመስላታል።

ስለዚህ፣ "አደራ፣ ያበላሹት" ብዬ ላክሁ። አሁን እንቅልፍ የሚነሣኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጋሽ ደምሴ ሊያበላሹ ተነሥተው ከአምናው የበለጠ ቢያሳምሩትስ?