ጀርባው ላይ ጃርት ያለበት ቀሚስ

የልጄን ፀጉር የምከፍለው በጃርት እሾህ ነው። ዛሬም ጫፉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። እሾኹ የእህቴ ነበር።

ታላቅ እህቴ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ልብስ ትሰፋ ነበር። ባሕር ዳር ወርዳ ዲዛይን ልትማር ቆርጣለች። አባታችን ደግሞ ከጉና በኩል ለልጃቸው ሊጠይቋት የሚመጡ ሽማግሌዎችን ቀጥሯል። ክረምቱን ሙሉ ለዚያ ቀን ብላ ነጭ ቀሚስ ሰፋች። ፊቱ ጥለት ብቻ ነው። ጀርባው ላይ ግን ይህን እሾህ እያየች፣ በጥቁርና በነጭ ክር፣ እሾኳን ያቆመች ጃርት ጠለፈችበት።

"አንበሳ አይሻልም?" አልኳት።

"አንበሳማ የወንዶቹ ነው። ጃርት ሰው አትነካም፤ የነኳት ለት ግን ጀርባዋን ትሰጣለች።"

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ዝናብ የመታው ጋቢያቸው ሽታ ቤቱን ሞላው። እሷ ጆግና ማስታጠቢያ፣ እኔ ፎጣ ይዘን ገባን። በኛ ቤት ለሽማግሌ ጀርባ አይሰጥም፤ ሴት ልጅ አስታጥባ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ነው የምትወጣ። በቃል እምቢ ብትል ማን ሊሰማት? ካልዞረች ትዳራለች። ከዞረች አባቴ ምን እንደሚያደርጋት እግዜር ይወቀው።

የመጨረሻውን ሽማግሌ አስታጠበች፣ እጅ ነሳች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ዞረች።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው ጀርባዋን አዩ።

"ይኼ ድንቻችንን የፈጀው አውሬ አይደለም እንዴ?" አሉ አንደኛው።

"እሱው ነው አባባ። እኔ ግን የማንም ማሳ አልገባሁም" ብላ ወጣች።

ሽማግሌዎቹ "እንመለሳለን" እንዳሉ ቀሩ። አባቴ እስኪሞት ስሟን አልጠራም። እናቴ ግን ስንቋን ቋጥራ ሚኒባስ ድረስ ሸኘቻት። እህቴ ቀሚሱንና እሾኹን ለኔ ትታ፣ "ተራው ይደርስሻል" አለችኝ።

ደረሰኝ። የኔዎቹ ሽማግሌዎች ሲመጡ ያንኑ ቀሚስ ለበስኩ። አስታጠብኩ፣ እጅ ነሳሁ። ፊቴን ወደነሱ እንዳደረግሁ፣ ወደ ኋላዬ እየተራመድኩ ወጣሁ። ጃርቷን ያየቻት የጓዳው ግድግዳ ብቻ ናት። ባሌ ክፉ ሰው አይደለም። ቢሆንም ያቺ ግድግዳ ትቆጨኛለች።

አሁን የልጄን ሹሩባ ጨርሼ ቀሚሱን ከሳጥን አውጥቼ አለበስኳት። ትከሻው ልክ ሆኗታል።

"እማ፣ ጀርባው ላይ ምንድን ነው ያለው?"

"እስቲ ዙሪ" አልኳት።