ንጹሑ መሸፈኛ

በቡራዩ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው አርባ ዓመት የሞላው አይመስልም፤ ትንፋሹ ግን ከእኔ ከሰማንያ ዓመቱ ሽማግሌ ያጥር ነበር። ቅንድቡና ጫማው በሚሠራበት የጠጠር መፍጫ ብናኝ ነጥተዋል። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛው ብቻ እንደ ቅዳሴ ልብስ ንጹሕ ነው።

«ልጄ፣ በሥራ ላይም ታደርገዋለህ?» አልኩት።

«ኧረ አባቴ፣ እዚያማ በአንድ ቀን ይበላሻል። የሰጡን አንድ ነው፤ ለሐኪም ቤት አስቀምጬው ነው።»

ተራው ደርሶ ገባ። በሩ ክፍት ነበርና ሐኪሟ የራጅ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥታ ስትናገር ሰማሁ።

«ኦቦ፣ ይህ ነጭ ሆኖ የሚታየው የድንጋይ ብናኝ ሳንባዎ ላይ ያመጣው ጠባሳ ነው። አየር ወደ ደም የሚያልፍባቸውን ጥቃቅን ከረጢቶች አበላሽቷል፤ ከእንግዲህ አይድንም። ሥራውን ይተዉት።»

«እህቴ፣ ለሥራ ብቁ ነው ብለሽ ጻፊልኝ። አምስት ነፍስ እጄን ያያል።»

አልጻፈችለትም። እርሱም ፈጣሪ እፍ ያለበትን እስትንፋስ በጭንቅ እየሳበ ወጣ። አጠገቤ ቆሞ መሸፈኛውን አወለቀ፤ በቀድሞ እጥፋቱ አጥፎም ከኪሱ ባወጣው የላስቲክ መያዣ ውስጥ ከተተው።

«ልጄ፣ ዛሬ እንኳ አታውልቀው» አልኩት።

«ለቀጠሮዬ ያስፈልገኛል፣ አባቴ» ብሎኝ ወደ ከሰዓቱ ፈረቃ ሄደ።