በዓሣ ሶዳ የታጠበው ሲሊንደር

አንቴ በበረዶ ላይ የሚነዳውን የወንድሙን ሞተር በገመድ አስጎትቶ ግቢው ውስጥ ሲያቆመው “ዝም ብሎ ቆመ” አለ። የወንድሙ ሚስት ሪስተን መፍቻዋን አነሣች። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳሯ በዚያ ቤት ዝም ብሎ የቆመ ሞተር አይታ አታውቅም። አንዱ ዘይት አጥቶ ቆሟል፣ አንዱ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ቆሟል፣ አንዱን ደግሞ ይኸው አንቴ ራሱ ከዛፍ ጋር አላትሞ አቁሞታል። ዝም ብሎ የቆመ ግን አልነበረም።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ያረገዙት አጋዘኖች ወደሚወልዱበት ወደ ባሕሩ ዳር ለመሄድ ተቁነጥንጠዋል። ባሏ ክሌመት ካሉበት ሜዳ ደውሎ ከሐሙስ በላይ ሊይዛቸው እንደማይችል ነግሯታል። አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ካልሆነ መንጋው ከጎረቤት መንጋ ይቀላቀላል። ተቀላቅሎ ከወለደ ደግሞ የማን ጥጃ የማን እንደሆነ ሲለይ በረዶው ተመልሶ ይመጣል። ክሌመት ጋ ያለው አንድ ሞተር ነው። ሁለተኛው ይኸው፣ እግሯ ሥር።

ካንዴላዎቹን ነቀለች፣ የሲሊንደሮቹን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ፈትታ አነሣችው። የግራው ሲሊንደር ደኅና ነው። የቀኙ ፒስተን ግን ከሙቀት ብዛት አብጦ ግድግዳውን ነክሶታል፤ አልሙኒየሙ እንደ ቀለጠ ሰም ተለጥፎበታል። አንቴ ከጀርባዋ ቆሞ ምናልባት ቤንዚኑ መጥፎ ይሆናል፣ ምናልባት ዘይቱ ቀጥኖ ይሆናል እያለ ይደረድራል። እሷ ተንበርክካ የሞተሩን ሆድ አየች።

ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከሥር በሚረጭለት በረዶ ነው። ደረቅ ግግር ብቻ ባለበት ሐይቅ ላይ ሲኬድ ሁለት ጫሪ ሽቦዎች ወደ ታች ይለቀቁና ግግሩን እየፋቁ ዱቄቱን ይረጩለታል። ይህን እዚህ አገር የስድስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። ሽቦዎቹ ግን ወደ ላይ ተሰብስበው ተጠፍረዋል፤ ያውም በቀይና በቢጫ የጫማ ማሰሪያ ጥለት። ያንን ጥለት የምትሸምን አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ አማቷ ራቭና።

ራቭና ተጠርተው መጡ። አልካዱም።

“ቅዳሜ ከአንቴ ጋ ለሠርግ ስንሄድ ነው እሰረው ያልኩት” አሉ። “ኋላ ጋሪው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ያ ሽቦ ሐር ሻርፔ ላይ በረዶ ሲበትን ዝም ልበል? ሠርግ ቤት እንደ ረጠበች ዶሮ ልግባልሽ?”

“ሐይቁ እኮ ሃያ ኪሎ ሜትር ነው፣ እማማ።”

“አንቺ ሳትወለጂ ተሻግሬዋለሁ።”

“በአጋዘን ነዋ። አጋዘን ደግሞ አይነድም።”

ራቭና ማሰሪያቸውን ከእጇ ተቀብለው፣ ዘይት ነክቶት እንደሆነ አገላብጠው አዩት። ሪስተን ወደ አንቴ ዞረች።

“እትዬ፣ አንቺ ብትሆኚ እምቢ ትያት ነበር?” አላት።

ሪስተን አሰበችው። ከሁሉም በላይ ያበገናት ይሄ ነበር፤ እሷም ብትሆን ሽቦውን ታስር ነበር።

ከተማ ወዳለው ሱቅ ደወለች። ሲሊንደር በዐሥር ቀን ይመጣልሻል አሏት። አዲስ ፒስተን ከነፋሻ ቀለበቱ ካስቀመጠች ሁለት ዓመቷ ነው፤ የቀረው ግድግዳውን ማጽዳት ነው። አባቷ በኮስቲክ ሶዳ ሲያጸዳ አይታለች። ግድግዳው ከፀጉር የቀጠነ የኒኬል ቆዳ አለው። ሶዳው አልሙኒየሙን ይበላል፣ ኒኬሉን አይነካም። ቆዳው ተቀዶ ከሆነ ግን ሶዳው ራሱን ሲሊንደሩን ይበላዋል፤ እሱም አልሙኒየም ነውና። ይህን የምታውቀው ከቀባች በኋላ ብቻ ነው።

ከጓዳ ለገና የደረቀ ዓሣ መዘፍዘፊያ ከገዛችው ኮስቲክ ሶዳ የተረፈውን አመጣች። ራቭና ዓሣው በምን ሊዘፈዘፍ ነው ብለው ተቆጡ። ገና ስምንት ወር ቀርቶታል አለቻቸውና ጓንቷን አጠለቀች።

በብሩሽ የተለጠፈውን ብቻ ቀባችው። አረፋው እየተንጨረጨረ ወጣ። እናትና ልጅ አንገታቸውን ሲያስገቡ ጭሱ ዓይን ያጠፋል ብላ አባረረቻቸው። ከዚያ ጠበቀች። አረፋው እዚህም እዚያም ዝም እያለ ሄደ። ከጭስ መውጫው አጠገብ፣ የምስር ፍሬ በምታህል ቦታ ላይ ግን አልቆመም። ሮጣ ውሃ ደፋችበት። ስታደርቀው ቆዳው እዚያ ላይ የለም። ብትሳደብ ማን ይሰማታል? ከዚያ ፋሻው እንዳይያዝበት የቀዳዳውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰች፣ ግድግዳውንም አጋድማ እያመሳቀለች ፈተገችው፣ አጠበችው፣ አዲሱን ፒስተን ገጠመችለት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ገመዱን ዘጠኝ ጊዜ ሳበች። በዘጠነኛው ሰማያዊ ጭስ ተፍቶ ተነሣ። አንቴ ወዲያው ጓንቱን ፈለገ።

“አንተ ከእናትህ ጋ ትቆያለህ” አለችው።

“የታመመው ጀርባሽስ? ዘንድሮ በመኪና ነው የምሄደው ስትዪ አልነበረም?”

“ስል ነበር።”

ያቺ ምስር ታክል ቀዳዳ የምትቆየው ሞተሩ ካልጋለ ብቻ ነው። ሊግል ሲል ከድምፁ የሚለይ ጆሮ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ የሷው። ራቭና ደረቅ የአጋዘን ሥጋ በጨርቅ ቋጥረው ሰጧት።

ሌሊቱን ነዳጅ መስጫውን በግማሽ ብቻ እየጨመቀች፣ በየዐሥር ኪሎ ሜትሩ እየቆመች፣ መዳፏን ቴስታታው ላይ እያሳረፈች ተጓዘች። ሐሙስ ጠዋት ከክሌመት ዘንድ ስትደርስ ሞተሩን አላጠፋችም። አንዴ ከጠፋ ይነሣልኛል የሚል እምነት አልነበራትም።

ክሌመት በጩኸቱ መሃል ጎንበስ ብሎ “ይሠራል?” አላት።

“እስኪቆም ይሠራል።”

ምን ሆኖ እንደነበር ሊጠይቅ አፉን ከፈተ። ነገር ግን መሪዋ አጋዘን ተነሥታ ወደ ሰሜን መራመድ ጀምራ ነበር፣ ሌሎቹም አንድ በአንድ ይከተሏታል። ክሌመት ወደ ፊት ሮጠ። ሪስተን ቀበቶዋን ጠበቅ አድርጋ ከመንጋው ኋላ ዞረች።