እማሆይ ለኮሚሽኑ የመለሱት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምሁት፤ ከዚያ ወዲህ እጄ የለመደው ፕላስተር ላይ ቁጥር መጻፍ ብቻ ነው። ጅጋ መንገድ ዳር በፀሐይ ኃይል የሰው ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ። ስልኩ እንዳይምታታብኝ ጀርባው ላይ ፕላስተር እለጥፍና ቁጥር እሰጠዋለሁ። የተያዝሁትም በዚሁ ነው። የጸጥታ ሰዎች መጥተው የአንዱ ስልክ ባለቤት ማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አላውቅም አልሁ። እውነትም አላውቅም ነበር። ሰውን ስሙን መጠየቅ አፍራለሁ።

ፍኖተ ሰላም ወስደው አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ቀድሞ በርበሬ ይከማችበት ኖሯል፤ የሲሚንቶው ስንጥቅ ሁሉ በርበሬ ነው። ውሃ ሳይረጭ ከተጠረገ ሃያ ሴት በአንድ ላይ ያስነጥሳል። እኔም ገና እግሬ ሲገባ አስነጠስሁ።

"ይማርሽ! በቃ ተመዘገብሽ" አለች አንዲት ሴት፤ ሁሉም ሳቁ።

ከቡሬ የመጣች የሥነ ዜጋ መምህርት ነበረች። በምን እንደታሰረች ሲጠይቋት "የማስተምረውን አምኜው" ትላለች።

ከጎኔ የሚተኙት እማሆይ ናቸው። ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም አካባቢ ገበሬ ናቸው፤ ባላቸው ሲሞቱ ነው ቆብ የደፉት። ለመንገደኞች እንጀራ ሰጥተዋል ተብለው ተያዙ። መስጠታቸውን አልካዱም። "የራበው ሰው ከየት መጣህ ተብሎ ይጠየቃል?" አሉ እንጂ።

የእማሆይ ጭንቀት ግን እስሩ አልነበረም። የባላቸው ወንድም መሬታቸውን ይዞባቸው፣ ከወረዳ የተነሳው ክርክር ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ለዚሁ ብለው ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ተመላልሰዋል። የመጨረሻው ቀጠሮ ለኪዳነ ምሕረት ማግስት ነው። ካልቀረቡ መዝገቡ ይዘጋል። መዝገቡ ከተዘጋ እርሻውም ቤቱም የባላቸው ወንድም ይሆናል፤ ቤቱን የምትጠብቀው ሴት ልጃቸውም ትወጣለች። ማታ ማታ በጣታቸው ቀን ሲቆጥሩ አያቸዋለሁ።

ጠባቂው በሩ ላይ ሬዲዮ ይከፍታል። አንድ ጧት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዴት እንደሚሻሻል የሚያጠና የባለሙያዎች ኮሚሽን ተቋቋመ ሲል ሰማን።

"ኮሚሽን ምንድን ነው?" አሉ እማሆይ።

"በዳኞቹ ጉዳይ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች በሏቸው" አለች መምህርቷ። "ስንት ዳኛ ይበቃል፣ ማን ይሹመው፣ ፋይል ለምን ይቆያል ብለው ያጠናሉ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ይጽፋሉ።"

"ከጻፉ በኋላስ?"

"እማሆይ፣ እርስዎን ኮሚሽኑ ውስጥ ማስገባት ነበር!" አለች፤ መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ። እማሆይ አልሳቁም። መልሱን እየጠበቁ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ጠባቂው መጥቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳይ ያላት አለች ወይ ብሎ ጠየቀ። የኮሚሽኑ ሰዎች ባለጉዳዮችን እያነጋገሩ ኖሯል፤ የታሰሩትንም እንስማ ብለው መጥተዋል። መምህርቷ እጇን አወጣች።

"አንቺ ጉዳይ አለሽ?"

"የለኝም፤ ግን ላስረዳ እችላለሁ።"

"እንግዲያ ቁጭ በይ።"

ጉዳይ ያላቸው እማሆይ ብቻ ናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እኔ እንድደግፋቸው ተፈቀደልኝ። መምህርቷ በሩ ድረስ ተከተለችን። "እማሆይ፣ አደራ፣ ዙሪያውን እንዳይሄዱ። ፊት ለፊት ይንገሯቸው።"

ሰዎቹ የጠባቂዎቹ ቢሮ ውስጥ ነበሩ፤ አንድ ፀጉራቸው የሸበተ ሽማግሌና ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ደብተር የያዘች ሴት። እማሆይን ሲያዩ ሁለቱም ተነሱ። ከተያዝሁ ወዲህ ለአንዳችን ተነስቶ የተቀበለን ሰው አልነበረም።

"እማሆይ፣ በፍርድ ቤቱ በኩል ያጋጠመዎት ችግር ካለ ቢነግሩን" አሉ ሽማግሌው።

"እንደምን ሰነበታችሁ? መንገዱ እንዴት ነው፣ ደህና ገባችሁ?"

"ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ልጆቻችሁስ ደህና ናቸው? ይመስገን። ዳኞቹ እንደሁ ደግ ሰዎች ናቸው። ጉልበቴን አይተው ቁጭ በይ ብለውኛል።"

"ስለዚህ ቅሬታ የለዎትም?"

"ምን ቅሬታ አለኝ፣ እናንተን የሚያህል ሰው እኔን ብሎ ከሩቅ መጥቶ!"

ሴትዮዋ ስትጽፍ ከጎን ሆኜ አነበብሁት። "ቅሬታ የላቸውም" ይላል። ሽማግሌው አመስግነው ብዕራቸውን ከደኑ።

በእኛ አገር ለእንግዳ መጀመሪያ የሚሰጠው መልስ መልስ አይደለም። ማዕድ ሲቀርብልን እንኳ ርቦን ጠገብሁ እንላለን። ባለቤቱ ይህን አምኖ ገበታውን ቢያነሳ የሚያፍረው እሱ ነው። በሞቴ ተብሎ ሁለቴ ሦስቴ ይለመናል። እማሆይ እስኪለመኑ እየጠበቁ ነበር፤ እነሱ ግን አንዴ ጠይቀው ጨረሱ።

ትልቅ ሰው ባለበት ልጅ አይናገርም ተብዬ ነው ያደግሁት። "ይቅርታ" አልሁ፤ ማንም አልሰማኝም። ደገምሁት።

"ይቅርታ፣ እማሆይ አልጨረሱም።"

እማሆይ ክንዴን ቆነጠጡኝ። "ዝም በይ አንቺ!"

"ደግመው ይጠይቋቸው" አልሁ፤ ዓይኔ መሬት ላይ ነበር። "በእኛ አገር አንዴ ተጠይቆ አይነገርም። ሦስቴ ይጠይቋቸው።"

በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ጉሮሮውን ጠረገ። እንደሚያስወጡኝ አላጣሁትም። ሽማግሌው ግን ወንበራቸውን ስበው ወደ እማሆይ ተጠጉ።

"እማሆይ፣ ምን አስቸገረዎት?"

"ኧረ ምንም።"

"በሞቴ ይንገሩኝ።"

እማሆይ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

"እንግዲህ በሞቴ ካሉኝ... ሦስት ዳኛ ተለዋወጠብኝ። በተለዋወጠ ቁጥር ከሀ ጀመርሁ። አንዴ ፋይሉ ጠፍቷል ተባልሁ። አንዴ ዳኛው ስብሰባ ናቸው ተባልሁ፤ ይህንንም የነገረኝ ዘበኛው ነው፣ በር ላይ። ከቋሪት ሄጄ ከበር ተመለስሁ። አሁን ቀጠሮዬ ለኪዳነ ምሕረት ማግስት ነው፤ እኔ ግን እዚህ ነኝ። የቀጠረኝም መንግሥት፣ ያሰረኝም መንግሥት። የቱን ልታዘዝ?"

ሴትዮዋ የጻፈችውን ሰርዛ አዲስ ገጽ ጀመረች። ስትጨርስ እማሆይ ይነበብልኝ አሉ። አነበበችላቸው።

"ዘበኛው በር ላይ እንደነገረኝ አላነበብሽውም።"

ጨመረችው።

"እማሆይ፣ ልዋሽዎ አልፈልግም" አሉ ሽማግሌው። "እኛ የምናጠናው ፍርድ ቤቱ ወደፊት እንዴት ይሁን የሚለውን ነው። የእርስዎ መዝገብ ውስጥ መግባት አንችልም።"

"ገብቶኛል። ብቻ ተጽፏል?"

"ተጽፏል።"

እማሆይ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን አላናገሩኝም። ውሃ ስሰጣቸው እንኳ ፊታቸውን አዙረው ነበር የሚቀበሉኝ።

የቀጠሯቸው ዕለት ወደ ፍርድ ቤት እንዲወስዷቸው ጠየቁ፤ ትእዛዝ የለም ተባሉ። ፊታቸውን ታጠቡ። ነጠላቸውን ዳኛ ፊት እንደሚቀርብ ሰው አደገደጉ። የጠባቂው ሬዲዮ ሦስት ሰዓት ሆነ ሲል፣ እኔን ሳይደገፉ ብድግ አሉ።

"ይግባኝ ባይ ቀርቤያለሁ" አሉ ወደ በሩ።

ማንም አልሳቀም። ቀልድ የማታጣው መምህርት ተነሳች። ከዚያ ሁላችንም ተነሳን። ዳኛ ገብቶ እስኪቀመጥ የሚቆመውን ያህል ቆምን። ጠባቂው በሩን ከፍቶ "ምንድን ነው ይሄ?" አለ።

"ችሎት ነው" አለችው መምህርቷ።

ጥቂት ተመለከተንና በሩን መልሶ ዘጋው።

አሁን ጅጋ ተመልሼ ሥራዬ ላይ ነኝ። የእማሆይ መዝገብ ተዘግቷል። ልጃቸው እንዲከፈት አመልክታ መልስ እየጠበቀች ነው። እማሆይ እስካሁን አልተፈቱም። ኮሚሽኑም ገና እያጠና ነው ይላሉ። ጥናቱ ሲወጣ ያ ገጽ ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም። እኔ የማስበው ስለ መጀመሪያው ገጽ ነው። ሽማግሌው ክፉ ሰው አልነበሩም። በደግነት መጥተው፣ በደግነት ጠይቀው፣ ያልሆነውን ይዘው ሊሄዱ ነበር። አንዴ ብቻ ተጠይቀው "ቅሬታ የላቸውም" ተብሎ የተጻፈላቸው ስንት ይሆኑ?

ስሜ ተጠርቶ የወጣሁ ቀን የእማሆይን ጉልበት ልስም ጎንበስ አልሁ። ራሴን በሁለት እጃቸው ያዙኝ።

"በሰው ፊት አሳፍረሽኝ ነበር፤ ይቅር ብዬሻለሁ። አሁን ልጄ ዘንድ ሂጂና ለእነዚያ ሰዎች ያልሁትን ንገሪያት። አሳጥረሽ እንዳትነግሪያት።"