በስልክ የተደረሰ ለቅሶ

ሰርጌ አንድ ወር ያህል ሲቀረው የጥሪውን ካርድ በቴሌግራም በተንኩት። ማራኪ ግቢ ካለው የዩኒቨርሲቲ ቢሮዬ ሳልነሳ ግማሽ ጎንደርን በአንድ ጣት ጠራሁ። ኮርቼም ነበር። እናቴ ስትሰማ ግን ራሷን ያዘች። «ሰው እንዲህ ይጠራል? ቤቱ ተሄዶ፣ ቁጭ ተብሎ፣ ደህንነቱ ተጠይቆ ነው እንጂ!» አለችኝ። እኔም «ያ ዘመን አለፈ» ብዬ ሳቅኩባት። አፌ አያርፍም፤ ይሄ የታወቀ ነው።

መልሱ ጎረፈ። አበባ የላከ፣ የሚጨፍር ምስል የላከ፣ በድምፅ እልልታ የላከም አለ። አይከል ከምትኖረው አክስቴ ግን የመጣው «አላህ ይባርክላችሁ» የሚል ብቻ ነበር። ለአባቴ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። ስልኩን መለሰልኝና «አትመጣም» አለ። ከዚያ ቁርሱን ሳይቀምስ ሱቁን ሊከፍት ወጣ።

ይህች አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አባቴ እናቱን ያጣው ገና ድክ ድክ ሲል ነው፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አድጎ፣ አግብቶ፣ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ከከፈተ በኋላ እንኳ ከአይከል በመጣች ቁጥር እናቴን «በልቷል?» ብላ ትጠይቃት ነበር። እናቴ በዚህች ጥያቄ ስንት ዓመት እንደተንጨረጨረች የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

የአክስቴ ባል የሞቱት መንገዱ በተዘጋበት ወቅት ነው። ያኔ ወደ አይከል መኪና የሚባል አይወጣም ነበር። አባቴ እሄዳለሁ ብሎ ተነሳ፤ አዘዞ ኬላ ላይ መለሱት። እዚያው መንገድ ዳር ቆሞ ደወለና ለቅሶውን በስልክ ደረሰ። የኛ አገር ሰው ሰርግ ላይ ቀረብኝ ብሎ ቢቀየም ቶሎ ይረሳል፤ ለቅሶ ላይ የቀረበትን ግን አይረሳም። መንገዱ ሲከፈት መሄድ ነበረበት። መጀመሪያ ሥራ ያዘው፤ ቀኑ ሲገፋ ደግሞ እፍረት ያዘው። እፍረት ሲያድር ይከብዳል። ስለዚህ በመሄድ ፈንታ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ይደውልላት ጀመር።

ስሰማው ንግግራቸው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። ሰላምታ፣ የልጆች ደህንነት፣ የዝናቡ ነገር። ከዚያ አባቴ «እንዴት ነሽ እትዬ፣ ቤቱስ እንዴት ነው?» ሲላት ወዲያ ማዶ ጸጥ ይላል። «ሀሎ? ሀሎ? እትዬ፣ ይሰማሻል?» ይላል። ስልኩን በንዴት ያየውና «ይሄ ኔትወርክ!» ብሎ ይዘጋዋል። ኔትወርካችንን የሚያውቅ አይፈርድበትም። እሷ መልሳ ደውላ አታውቅም። እየቆየ ማንሳቱንም ተወችው፤ አባቴም ተቀይማኛለች ብሎ አመነ።

የካርዱ መልስ ከመጣ በኋላ እናቴ አንድ እሑድ ጠዋት እኔንና አባቴን አስነሳችን። «አንቺ ሙሽራ ነሽ፣ አንተ ወንድሟ ነህ። ሄዳችሁ ፊቷ ቁጭ በሉ። እምቢ የምትል ከሆነ እዚያው እምቢ ትበላችሁ» አለች። አባቴ ስኳርና አንድ ጥሩ ጨርቅ በቦርሳ ያዘ። ሚኒባሱ ውስጥ እስከ አይከል አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል። የሚላትን እየተለማመደ ነበር። ገበያተኛ ሁሉ ምላሱን የሚፈራው ነጋዴ ለገዛ እህቱ የሚለውን ሲያጠና ሳይ አንጀቴን በላው።

አክስቴ በሯ ላይ ተቀበለችን። እኔን አገላብጣ ሳመችኝ፤ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ «ምነው ከሳሽ?» አለችኝ። ለአባቴ ሰላምታውን በወጉ መለሰችለት፤ አልሳመችውም። ገብተን ተቀመጥን፣ ሻይ ቀረበ። የሟቹ ኮፍያ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነበር። አባቴ ቀና ብሎ አየው። ያጠናው ሁሉ የጠፋበት ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ ከአፉ የወጣው ያው የዓርብ ጥያቄ ነው።

«እንዴት ነሽ እትዬ? ቤቱስ እንዴት ነው?»

ዝም አለች።

አሁን ግን እያየናት ነው። አፏ ተከፍቷል፣ ድምፅ የለውም። አገጯ ይንቀጠቀጣል። በሻሿ ጫፍ አፏን ለመያዝ ትሞክራለች፤ እንባዋ በጣቶቿ መሀል ይወርዳል። አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠና ምንጣፉ ላይ በጉልበቱ ተስቦ አጠገቧ ደረሰ።

«ስልኩም ላይ እንዲህ ነበርሽ?» አላት።

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ትንፋሿ ሲመለስላት፣ «ምነው ትዘጋብኝ ነበር ወንድምዓለም?» አለችው። «ሆድ በባሰኝ ቁጥር ጥርቅም! ለቅሶዬ ሰለቸው ብዬ አይደል ማንሳቱን የተውኩት?»

«ወላሂ ኔትወርክ መስሎኝ ነው!»

«ኔትወርክ!» አለች፣ ስድብ እንደምትሳደብ። ከዚያ እያለቀሰች ሳቅ አመለጣት። አባቴ አልሳቀም። ራሱን ጭኗ ላይ ደፍቶ፣ ሰውዬው ያን ቀን የተቀበሩ ይመስል፣ «አላህ ይዘንላቸው፣ አላህ ያጽናሽ» እያለ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ጎረቤቶች ድምፁን ሰምተው ገቡ። ነገሩ ሲገባቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ቁጭ አሉና አብረው አለቀሱ። ይሄማ ያለፈ ለቅሶ ነው ያለ አንድም ሰው አልነበረም። እነዚያን ሴቶች እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ስልክን ማማት አይሆንልኝም። እጮኛዬ ለሥራ ሩቅ በከረመበት ጊዜ ፍቅራችንን ያቆየልን እሱ ነው፤ ውለታውን አልክድም። ዝም ያለን ሰው ግን አያሳይም። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ያንን ሁሉ ጊዜ አንዱ ተዘጋብኝ፣ አንዱ ተቋረጠብኝ እያሉ መኖራቸውን ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል። እናቴ ባታስነሳን ኖሮ እንደዚያው ተኳርፈው ይሞቱ ነበር።

እንባው ሲደርቅ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እትዬ፣ የመጣነው ለሰርጉ ልንጠራሽ ነው።»

አክስቴ ቱግ አለች። «ልትጠሩኝ? እኔ የምጠራ ሰው ነኝ? ያን ካርዳችሁን ሳይማ ነው ይበልጥ የተቃጠልኩት! አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ፣ ልጁን ሲድር እንደ ሩቅ ሰው ካርድ ይልክልኛል? ‹ሥራው በዝቶብናል፣ ቶሎ ነይ› አይባልም?»

ካርዱን የላከችው ሙሽራ ምንጣፉ ላይ ያለውን አበባ ስትመረምር ቆየች።

«በሉ ቆዩኝ» አለችና ጓዳ ገባች። ስትመለስ ልብሷን ቋጥራለች፤ የቤቱን ቁልፍም ለጎረቤቷ ሰጠች። አባቴ እቃዋን ተሸከመላት።

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ ጋ አስቀመጣት፤ እኔ ከኋላቸው ሆንኩ። ማን እንደወለደ፣ ማን እንደዳረ፣ የማን በሬ እንደጠፋ ስታወራለት ቆየችና ድንገት ዝም አለች። አባቴ ዞር ብሎ አያት። ከዚያ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ ትከሻውን አመቻቸላት። ክንዱ ሲደነዝዝ ጣቶቹን እያፍታታ ሲታገል አያለሁ፤ ትከሻውን ግን አላነቃነቀም። በልቤ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

አዘዞ ልንደርስ ስንል እናቴ ደወለች። ድምጿ እኔ ድረስ ይሰማል።

«እህ! እሺ አለች? ትመጣለች?»

አባቴ ስልኩን በሌላው እጁ ይዞ፣ በሹክሹክታ፣ «ቀስ በይ እንጂ» አላት። «ተኝታለች።»